የፈንገስ ማጅራት ገትር ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖር ሰው ላይ ሲከሰት፦ ከራስ ምታቱ እስከ መጨረሻው ኪኒን ሕክምናው እንዴት ይሄዳል?

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በበጋ ወራት በወረርሽኝ የሚነሳውና ሰውን በአንድ በሁለት ቀን የሚጥለው በሽታ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። የሚያመጣው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ነው። ቀስ ብሎ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የበሽተኛውን ብርጭቆ መለየትም፣ ከአጠገቡ መራቅም አያስፈልግም። የሚይዘው በአብዛኛው ኤች አይ ቪ የመከላከል አቅሙን ያደከመበትን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ 152 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደያዘ፣ 112 ሺህ ያህሉንም እንደገደለ ይገመታል። አብዛኞቹ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነዋሪዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለአስታማሚ ነው። በሽተኛው ራሱ ለማንበብም ለመጠየቅም አቅም ላይኖረው ይችላል። ጀማሪ የጤና ባለሙያም ቢያነበው ይጠቅመዋል። የመድኃኒት መጠኖቹ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣው መመሪያ የተወሰዱ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው እንዲገባችሁ ነው የማስቀምጣቸው። ይህ በሽታ ቤት አይታከምም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስለዚህ በሽታ ሲወራ የሚወራው ስለ መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ የግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ነው። እሱን የሚያወርደው ደግሞ ከጀርባ ፈሳሽ የሚቀዳበት መርፌ ነው። ቤተሰብ አብዝቶ እምቢ የሚለውም ይህንኑ መርፌ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1. ራስ ምታቱን በጊዜ መጠርጠር

ፈንገሱ አፈር ውስጥና የወፍ፣ በተለይ የእርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል። በትንፋሽ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ይስበዋል፤ ሰውነቱም አፍኖ ያስቀምጠዋል። ሲዲ ፎር፣ ማለትም ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ከ100 በታች ሲወርድ ግን ፈንገሱ ከተኛበት ይነሳል። በደም አድርጎ እስከ አንጎል ሽፋን ይደርሳል።

ሲጀምር ራስ ምታት ነው። መጀመሪያ መጣ ሄድ ይላል። ከዚያ ጨርሶ አልለቅ ይላል። ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ማስታወክ፣ የዓይን ብዥታ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ይከተላል። አንገት ካልተገተረ ማጅራት ገትር አይደለም የሚሉ አሉ። በዚህኛው በሽታ አንገቱ እንደልብ የሚታጠፍለት ብዙ ነው። ሲቆይ ሰውየው መርሳት፣ መቀባዠር፣ ጠባዩ መለወጥ ይጀምራል።

እኛ አገር ከዚህ በፊት ያለው ጉዞ የታወቀ ነው። መጀመሪያ "ምች ነው" ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ቀጥሎ ክሊኒክ ተሄዶ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘ ይባላል። አልሻል ሲል ሳይነስ ይሆናል። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ይገዛል። መቀባዠር ሲመጣ ደግሞ "ለክፎት ነው" ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። በዚህ መሀል ሳምንታት ያልፋሉ።

ጠበሉን ለመንቀፍ አይደለም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ የተናገሩት ጉዳይ ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ይህ ፈንገስ ሱባኤው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሆስፒታል ሄዶ፣ መድኃኒት ተጀምሮ፣ ጠበሉን አልጋው ድረስ ማምጣት ይቻላል።

እንግዲህ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው፣ በተለይ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ ከሆነ፣ ራስ ምታቱ ቀናት አልፎ ካልለቀቀ የማጅራት ገትር ምርመራ ወደሚደረግበት ሆስፒታል ይሂድ። ከተቀባዠረ፣ እንደ ሚጥል በሽታ ከጣለው፣ ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም ማስታወኩ አላቆም ካለ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስትደርሱ ኤች አይ ቪውን አትደብቁ። "ራሱን አሞት ነው" ብቻ ከተባለ ሐኪሙ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዘመድ ሁሉ ይስማ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙን ለብቻው ጠርቶ መንገር ይቻላል። መድኃኒት መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንዳቆመ፣ የቲቢ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ አብራችሁ ንገሩት። የኤ አር ቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒክ ካርዱ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

2. ምርመራው

ዋናው ምርመራ ክራግ ይባላል። ደም ወይም የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ የሚነከር ቀጭን ወረቀት ነው። እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር ያወጣል። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ ጤና ጣቢያም ሊሠራው ይችላል።

ክራግ የሌለበት ቦታ ፈሳሹን በኢንዲያ ኢንክ ቀለም አድርገው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ፈንገሱ ከታየ በሽታው አለ። ካልታየ ግን የለም ማለት አይደለም፤ ፈንገሱ ገና አነስተኛ ከሆነ ያመልጣል። በዚህ ጊዜ "ክራግ የት ይሠራል? ናሙናው ሊላክ ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ፈሳሽ ቲቢም ይታያል። የቲቢ ማጅራት ገትርና ይኼኛው ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። በአንድ በኩል እጅ እግሩ የደከመ ወይም የጣለው ሰው ደግሞ ከመርፌው በፊት የጭንቅላት ሲቲ ስካን ሊታዘዝለት ይችላል። አንጎል ውስጥ እብጠት ካለ መርፌው አደገኛ ስለሚሆን ነው።

እዚህ ላይ ላልታመሙትም አንድ ነገር ላንሳ። ሲዲ ፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው ምንም ሳያመው የደም ክራግ እንዲመረመር ይመከራል። ከ200 በታችም ቢሆን ቢመረመር ጥሩ ነው። ፈንገሱ ራስ ምታት ከማምጣቱ ሳምንታት በፊት ደም ውስጥ ይታያልና። ደሙ ላይ ከተገኘ የጀርባ ፈሳሹ ይታያል። እዚያ ከሌለ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ፍሉኮናዞል ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት በቀን ከ800 እስከ 1200 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎ 800 ለስምንት ሳምንት፣ ከዚያ 200 ይሆናል። ታንዛኒያና ዛምቢያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህን ምርመራ ከቤት ለቤት ክትትል ጋር አጣምሮ ሞትን በ28 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒት አቋርጦ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ ራስ ምታት እስኪይዘው አትጠብቁ። "ክራግ ይሠራልኝ" ይበል።

3. መርፌው

በሽተኛው በጎኑ ይተኛል። ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ሐኪሙ ወገቡ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ በጣቱ ፈልጎ ያጸዳል፣ ያደነዝዛል። ከዚያ ቀጭን መርፌ ያስገባል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ የጠራ ነው። መግል ያልመሰለ ፈሳሽ አይቶ "ታዲያ ምንም የለበትም" ማለት ስህተት ነው።

"ሽባ ያደርጋል" የሚባለውስ? ዋናው የጀርባ አጥንት ነርቭ ከወገብ በላይ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያሉት ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ መርፌው ሲቀርባቸው ገለል ይላሉ። ወገብ ላይ ሕመም፣ ለጥቂት ቀን ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። "ተወግቶ ሞተ" የሚለው ወሬ የመጣው ከሌላ ቦታ ይመስለኛል። መርፌው የሚታዘዘው በጣም ለታመመ ሰው ነው። ቤተሰብ ሦስት ቀን ሲያንገራግር ቆይቶ በአራተኛው ቀን ይፈርማል። በሽተኛው በአምስተኛው ቀን ያርፋል። ጥፋቱ መርፌው ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ግፊቱ። ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ አንጎልንም የከበበው ያው ፈሳሽ ነው። ፈንገሱ ይህ ፈሳሽ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ፈሳሹ መመረቱን አያቆምም። ግፊቱ ይጨምራል። ራሱን የሚያፈርሰው ሕመም፣ የዓይን መጥፋት፣ የጆሮ መደንቆር፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ከዚሁ ይመጣል።

ግፊቱ የሚለካው መርፌው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ በሚቆም ቱቦ ነው። ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ወጣ? ከ20 በታች ደህና ነው። ከ25 ካለፈ መቀዳት አለበት። ከ20 በታች እስኪወርድ ይቀዳል። በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በግማሽ እስኪቀንስ። ማኖሜትር የሚባለው መለኪያ ከሌለ የግሉኮስ ቱቦ አቁመው ከጎኑ በሜትር የሚለኩ ባለሙያዎች አሉ። ያስኬዳል። "መለኪያ የለንም" ተብሎ ሳይለካ ከሚቀር በብዙ ይሻላል።

አንድ ጊዜ ተቀድቶ አያበቃም። ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቆየ ወይም ራስ ምታቱ ካልለቀቀ በየቀኑ ይደገማል። ግፊቱ ተስተካክሎ ምልክቱ ለሁለት ቀን ያህል እስኪረጋጋ ድረስ ነው። መጀመሪያ ግፊቱ ደህና የነበረ ሰውም በሦስተኛ እስከ አምስተኛ ቀን እንደገና መታየት አለበት። ብዙ አስታማሚ "ትናንት ወግታችሁት የለም ወይ?" ብሎ የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው። ከተቀዳ በኋላ በሽተኛውን ተመልከቱት። ጭንቅላቱን ይዞ ሲያቃስት የነበረ ሰው በዚያው ቀን ተነስቶ ውሃ ሲጠይቅ ይታያል። ፓራሲታሞል ይህን አያደርግም።

ዶክተሮቹ ራውንድ ሲዞሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ግፊቱ ስንት ነበር? ስንት ሲሲ ተቀዳ? የሚቀጥለው መቼ ነው? መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት። ተረኛ ሲለዋወጥ ደብተራችሁ ከካርዱ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል።

4. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እዚህ ሦስት መድኃኒቶች አሉ። በ50 ኪሎ ሰው አስልተን እንያቸው።

ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ (በስብ ቅንጣት የተሸፈነው የአምፎቴሪሲን ዓይነት) በደም ስር የሚሰጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም። ለ50 ኪሎ ሰው 500 ሚሊ ግራም ይመጣል። አንዱ ብልቃጥ 50 ሚሊ ግራም ስለሆነ 10 ብልቃጥ ማለት ነው። ጊልያድ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2018 ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች አንዱን ብልቃጥ በ16.25 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ነበር። በዚያ ሒሳብ የአንድ ሰው መድኃኒት 162 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በግል ገበያ ግን በዚህ ዋጋ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

ፍሉሳይቶሲን ኪኒን ነው። በቀን በኪሎ 100 ሚሊ ግራም፣ ለአራት ተከፍሎ፣ ለ14 ቀን። የ50 ኪሎ ሰው በቀን 5000 ሚሊ ግራም፣ በአንዴ 1250 ይወስዳል። ባለ 500 ኪኒኑ ሁለት ተኩል ፍሬ ማለት ነው። በየ6 ሰዓቱ ስለሆነ በእኛ ሰዓት ለማስታወስ አያስቸግርም፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያለውን ማንም አያስታውስላችሁም። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።

ሦስተኛው ፍሉኮናዞል ነው። በቀን አንድ ጊዜ 1200 ሚሊ ግራም፣ ለ14 ቀን። ባለ 200 ሚሊ ግራሙ ስድስት ፍሬ ነው። ምግብ በላም አልበላም መውሰድ ይችላል።

ይህን አሰጣጥ ያጸናው አምቢሽን የተባለው ጥናት ነው። ቦትስዋና፣ ማላዊ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኡጋንዳና ዚምባብዌ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። በአንድ ቀኑ መድኃኒት ከታከሙት በ10 ሳምንት ውስጥ የሞቱት 24.8 በመቶ ናቸው። በቀድሞው የሰባት ቀን አምፎቴሪሲን ከታከሙት 28.7 በመቶ። አዲሱ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ ነበር። በሌላ አነጋገር ጥሩ ከታከሙትም ከአራት አንዱ ያህል ይሞታል። ይህን ደብቆ ማጽናናት አይጠቅምም። ካልታከመ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አሜሪካና አውሮፓ ያለ ዘመዳችሁ "እኔ ጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ነው የሚሰጠው" ቢላችሁ አትደናገጡ። እዚያ ሊፖሶማሉን ዝቅ ባለ መጠን በየቀኑ መስጠት የተለመደ ነው።

ሦስቱም ባይገኙስ? ሁሉም ሆስፒታል ላይ አይገኙም፤ ስለዚህ ተተኪዎቹ የታወቁ ናቸው። ሊፖሶማሉ ከሌለ ተራው አምፎቴሪሲን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ከፍሉሳይቶሲን ጋር ለ7 ቀን ይሰጣል። ከዚያ 1200 ፍሉኮናዞል ለ7 ቀን ይከተላል። አምፎቴሪሲን ጨርሶ ከሌለ ፍሉሳይቶሲንና 1200 ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን። ፍሉሳይቶሲን ከሌለ ደግሞ አምፎቴሪሲንና 1200 ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን።

ፍሉኮናዞል ብቻውን ግን እነዚህ ሁለት ሳምንታት ላይ አይበቃም። ፈንገሱን ያዝ ያደርገዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። በእሱ ብቻ ከታከሙት ከግማሽ በላይ የሚሞቱ እንደነበሩ ከቀደሙት ዓመታት ይታወቃል። ያላችሁበት ሆስፒታል ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ሪፈር ጠይቁ። ሪፈሩ እስኪያልቅ ግን ፍሉኮናዞሉ ይጀመር፤ የመጀመሪያው የጀርባ መርፌም አይቅር።

እርጉዝ ሴት ወይም እርግዝና የምትጠረጥር ካለች ከመጀመሪያው ይነገር። ፍሉኮናዞል በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የሕፃናት መጠንም ሌላ ነው፤ በኪሎ ይሰላል።

5. አምፎቴሪሲን ሲሰጥ የአስታማሚው ሥራ

መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው። ኩላሊትን ይነካል፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ያጥባል፣ ደም ያሳንሳል። ሊፖሶማሉ ረጋ ያለ ቢሆንም ከዚህ ነጻ አይደለም።

ለዚህም ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ሊትር ሳላይን (በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ)፣ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ተጨምሮበት፣ በሁለት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይህን መዝለል የለም። አምፎቴሪሲኑ ራሱ መጀመሪያ በመርፌ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የሚቀላቀለው ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ብቻ ነው። ሳላይን ካገኘው ይዘቅጣል። ጀማሪ ነርሶች ልብ በሉ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ሳላይን በግሉኮስ መታጠብ አለበት።

እየተሰጠ እያለ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት ይመጣል። ብርድ ልብስ ደርቡለት፣ ሲስተርን ጥሩ። ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ቱቦውን በራሳችሁ አትዝጉ፤ አታፍጥኑም። ካኑላው (ደም ስር ውስጥ ያለው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ክንድ ከቀላና ካበጠ ይቀየርለት።

ከዚያ የላብራቶሪው ነገር ነው። ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ፖታሲየም ከመድኃኒቱ በፊት፣ ከዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ይታያሉ። ሄሞግሎቢንና የነጭ ደም ሴልም እንዲሁ በሳምንት አንዴ ይታያሉ፤ ፍሉሳይቶሲን የነጭ ደም ሴልን ስለሚያወርድ ነው። ኩላሊት ከደከመ ፍሉሳይቶሲን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማልና መጠኑ ይቀነሳል። ሽንቱን እዩለት። ከቀነሰ ተናገሩ። የልብ ምቱ ከተዛባ፣ ጡንቻው ከዛለ ወይም ከተኮማተረ ፖታሲየሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሙዝና ብርቱካን ጥሩ ናቸው። የታዘዘውን የፖታሲየም ኪኒን ግን አይተኩም።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እዚህ ጋ ፈጽሞ አይገቡም። ኩላሊት ላይ ከአምፎቴሪሲን ጋር ይደራረባሉ። ራስ ምታቱ ሲብስ ከፋርማሲ ገዝቶ ሹልክ አድርጎ የሚሰጥ አስታማሚ አይጠፋም። ራስ ምታት ከባሰ መልሱ ግፊቱን ማስለካት ነው።

በደንብ ላልነቃ ሰው አጥሚት በማንኪያ አታጉርሱ። ሳንባው ይገባል። በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ አለ፤ ምግቡም ኪኒኑም ተፈጭቶ በዚያ ይሄዳል። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት።

ስለ ጾምም ጥያቄ ይነሳል። በየ6 ሰዓቱ ኪኒን የሚውጥ ሰው አይጾምም። የንስሐ አባትም፣ ኢማምም ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው።

6. የማይሰጡ ነገሮች

ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በሌላው ማጅራት ገትር ይሰጣል። በዚህኛው ላይ በእስያና በአፍሪካ ተሞክሮ ጉዳቱ ስላመዘነ ጥናቱ ቆመ። ማኒቶልና አሴታዞላማይድ የሚባሉት ግፊት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ለዚህ ግፊት አይመከሩም። ሥራውን የሚሠራው መርፌው ነው።

7. ወደ ቤት መመለስ፦ ስምንቱ ሳምንታት

ከ14 ቀን በኋላ በሽተኛው ከነቃ፣ ራሱ ከለቀቀው፣ ከበላ ወደ ቤት ይሄዳል። ፍሉኮናዞሉ 800 ይሆናል፤ በቀን አራት ባለ 200 ፍሬ፣ ለስምንት ሳምንት። ከሆስፒታል ስትወጡ የስንት ቀን ኪኒን እንደተሰጣችሁ ቆጥራችሁ ውጡ። የሁለት ሳምንት ተሰጥቶ "ከዚያ በኋላ ከጤና ጣቢያችሁ ትወስዳላችሁ" ከተባለ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ እንዳለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ ይህ ብርቱ ነገር ነው። የሚያገረሽባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ኪኒን ያለቀባቸውና ያልተተካላቸው ናቸው።

ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት ፍሉኮናዞልን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፤ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዓይኑ ወይም ሽንቱ ቢጫ ከሆነ፣ ቀኝ ጎኑን ካመመው ጉበቱ ይታይለት።

8. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መቼ?

እዚህ ላይ ቤተሰብ ይቸኩላል። ደግሞም ያስቸኩላል፤ ለዓመታት "ዛሬውኑ ጀምሩ" ሲባል ኖረናል። ለዚህ በሽታ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የሚቆጠረው የፈንገስ መድኃኒቱ ከተጀመረበት ቀን ነው። ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተደረገው ኮት የተባለው ጥናት ነገሩን ለይቶታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካስጀመሯቸው በ26 ሳምንት 45 በመቶ ሞቱ። አምስት ሳምንት ያህል ካቆዩአቸው 30 በመቶ። የመከላከል አቅሙ ድንገት ሲነቃ ገና ያልጸዳው ፈንገስ ላይ ይረባረባል፤ አንጎል ያብጣል።

መቆየት ማለት መቅረት አይደለም። ከሆስፒታል ስትወጡ ፀረ ኤች አይ ቪው የሚጀመርባት ቀን በካርዱ ላይ ትጻፍ። በ6 ሳምንት ያልተጀመረ ሰው ሄዶ "ቀኔ ደርሷል" ይበል። ሲታመም መድኃኒት ላይ የነበረ ሰው ግን በራሱ አያቁም። ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ታይቶ ይቀጥል ወይስ ይቀየር የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።

9. ራስ ምታቱ ከተመለሰ

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ራስ ምታቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ፈንገሱ ራሱ አገርሽቶ ነው፤ ኪኒኑ ተቋርጦ እንደሆነ ይጠየቃል። ሁለተኛው ከላይ ያልኩት የመከላከል አቅም መንቃት ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ፈሳሹ እንደገና ተቀድቶ፣ ፈንገሱ በላብራቶሪ ይበቅል እንደሆነ ሲታይ ነው። ቤት ሆናችሁ "መድኃኒቱ አልተስማማውም" ብላችሁ አታስቁሙት። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ግፊቱም ይለካ።

ክራግን ለዚህ አትጠቀሙበት። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ወረቀቷ ለወራት፣ ከዚያም በላይ መስመር ማውጣቷን ትቀጥላለች። "አሁንም ፖዘቲቭ ነው" ተብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አገርሽቷል አያሰኝም።

10. የመጨረሻው ኪኒን

ከስምንቱ ሳምንት በኋላ ፍሉኮናዞል 200 ይሆናል። በቀን አንድ ፍሬ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሥራ ገብቷል፣ ወፍሯል፣ በሽታውንም ረስቶታል። ከፀረ ኤች አይ ቪው ጋር በአንድ ሰዓት ቢውጣት ለመርሳትም ያስቸግራል።

የሚቆመው ሦስቱ ሲሟሉ ነው። ዓመት ሞልቷል። ፀረ ኤች አይ ቪውን ሳያቋርጥ እየወሰደ ነው። ሲዲ ፎሩም 100 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ቫይራል ሎዱ ወርዷል። ቫይራል ሎድ የማይሠራ ከሆነ ሲዲ ፎሩ 200 መድረስ አለበት። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ከቆመ በኋላ ሲዲ ፎሩ ተመልሶ ወደ 100 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ አንዷ ፍሬ እንደገና ትጀመራለች፤ ራስ ምታት ካለ ደግሞ ከኪኒኗ በፊት መርፌው።